የሰንጠረዥ ጨዋታ፤ ደካማና ጠንካራ ሲገጥሙ

አንድ የገበያ ቀን ነው። አንድ የቃሉ ገበሬ ከኮምቦልቻ ተነሥተው፣ ሐረጎን ሽቅብ ወጥተው፣ ደሴ ገቡ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ጉዳያችንን ጨርሰን ሻይ ልንጠጣ አንድ በረንዳ ላይ አረፍ አልን። ከጎናችን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ አጎንብሰዋል። አንደኛው ጠጉሩ የሸበተ የደሴ ሰው ነው። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ የመጣ ተማሪ ልጅ ነው። ሻያቸው ቀዝቅዟል፤ አይነጋገሩም።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አሉኝ።

«ቼዝ ይጫወታሉ፣ ጋሼ። የድሮው ሰንጠረዥ ማለት ነው። ልጁ ለውድድር እየተለማመደ ነው።»

«ማን እየረታ ነው?»

«ሰውዬው ናቸው። እሳቸው የቆዩ ተጫዋች ናቸው። ልጁ ገና ጀማሪ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ግፍ? ጉልበተኛን ከደካማ ጋር ማታገል ምን ይሉታል?»

ጥያቄው ከበድ ያለ ነው። እዚያው በሁለት ቃል ልመልሰው አልቻልኩም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እሱን ለመመለስ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰንጠረዥ ምንድን ነው?

ገበጣን የማያውቅ የለም። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ይቆጥራል፤ «እኔ እንዲህ ባደርግ እሱ እንዲህ ያደርጋል» እያለ ያስባል። ሰንጠረዥም እንደዚሁ የሐሳብ ጨዋታ ነው። ልዩነቱ በሰንጠረዥ የሚገጥሙት ሁለት ጦሮች መሆናቸው ነው።

ሰሌዳው በቁመት 8፣ በወርድ 8፣ በጠቅላላው 64 ቤቶች አሉት። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጭፍሮች አሉት። እነሱም 1 ንጉሥ፣ 1 ንግሥት፣ 2 ግንቦች፣ 2 ፊሎች፣ 2 ፈረሶችና 8 ወታደሮች ናቸው። አንዱ ነጩን፣ ሌላው ጥቁሩን ይይዛል። ነጩ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በየተራ አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ።

የጨዋታው ዓላማ የባላጋራን ንጉሥ መያዝ ነው። ንጉሡ አደጋ ላይ ሲወድቅ «ቼክ» ይባላል። ማምለጫ፣ መከለያ፣ አጥቂውንም መብያ መንገድ ከሌለው «ቼክ ሜት» ሆነ ማለት ነው፤ ጨዋታው ያልቃል።

ጭፍሮቹ አካሄዳቸው ለየቅል ነው። ግንብ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ይሄዳል። ንግሥት ሁለቱንም ትችላለች፤ ስለዚህ ከሁሉም ትበረታለች። ፈረስ ሁለት ቤት ቀጥ ብሎ አንድ ቤት ወደ ጎን ይዘላል። ወታደር ወደ ፊት ብቻ ይራመዳል፤ ሲበላ ግን በሰያፍ ነው። ተጫዋቾች የጭፍሮቹን ዋጋ ሲገምቱ ወታደርን 1፣ ፈረስንና ፊልን 3፣ ግንብን 5፣ ንግሥትን 9 ይሏቸዋል።

ጨዋታው ወደ አገራችን እንዴት መጣ?

የጨዋታው መነሻ ሕንድ ነው። ከ1,400 ዓመት ያህል በፊት በዚያ አገር እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያለውን ጦር በሰሌዳ ላይ አድርገው ይጫወቱ ነበር። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ተላለፈ። «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያው ነው። «ፊል» ማለት በዐረብኛ ዝሆን ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ቢሾፕ የሚባለው ጭፍራ ያው የጥንቱ ዝሆን ነው።

ሰንጠረዥ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖታል። ዐፄ ልብነ ድንግል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1508 እስከ 1540 ነግሠው ነበር። እሳቸው ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 አጥብቀው የተቃወሙት እኚሁ እቴጌ ናቸው።

የአገራችን ሰንጠረዥ የራሱ ወግ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ «ወረራ» ይባላል። በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጭፍራ ከተበላ በኋላ ነው። አረታቱም ደረጃ አለው። በግንብ ወይም በፈረስ መርታት እምብዛም አያስመሰግንም። በወታደር የረታ ግን ይደነቃል። ደግሞም ጭፍሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማለት አይፈቀድም ነበር። ከጠንካራው ጨዋነት ይጠበቅበታል ማለት ነው።

ራስ ሁልጊዜ የሚረቱበት ጨዋታ

እንግዲህ ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። ደካማና ጠንካራ ሲገጥሙ ምን ይሆናል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ወደ ትግራይ መጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ኃያል ገዥ ነበሩ። ሶልት ራስን ሲያያቸው በመኳንንቶቻቸው ተከበው ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ጭፍሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅ ነበሩ። ባላጋራ የበላውን ጭፍራ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ጫጫታው ለጉድ ነው። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ «እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል» እያለ ጭፍራውን እስከ ማንሣት ይደርሳል።

ሶልት አንድ ሌላ ነገር ታዝቧል። ሰዎቹ በብልሃት እያሳበቡ ጨዋታውን ሁሉ ለራስ ይለቁላቸው ነበር።

ይህንን ልብ እንበለው። ባሪያው በጨዋታው ላይ ድምፅ አለው። ሐሳቡን ይናገራል፣ ጭፍራ ያነሣል። መጨረሻው ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ራስ ይረታሉ። እንዲህ ባለው ጨዋታ ሁለቱም ይጎዳሉ። ሎሌው ያለውን ችሎታ ይደብቃል። ጌታውም ስሕተቱን የሚነግረው ስለሌለ አይማርም። ራስ ወልደ ሥላሴ በርግጥ ጎበዝ ተጫዋች ይሁኑ አይሁኑ ራሳቸውም ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ግፍ የሚባለው እንግዲህ የቱ ነው? ጠንካራው ደካማውን በእውነት ሲረታው ነው? ወይስ አንዱ ሌላውን ፈርቶ አውቆ ሲረታለት?

የውድድር ደንብ

የዛሬው የውድድር ቼዝ ደንቦች ዋና ሥራቸው ሁለቱን ተጫዋቾች በሰሌዳው ፊት እኩል ማድረግ ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ፓሪስ ላይ ተቋቋመ። በየአገሩ የሚደረገው ትልልቅ ውድድር በእሱ ደንብ ይመራል። ዋና ዋናዎቹ ደንቦች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ተመልካች ዝም ይላል። እንደ ራስ ግቢ ከጎን ሆኖ መምከር ክልክል ነው።

ሁለተኛ፣ የነካኸውን ትጫወታለህ። አንድን ጭፍራ ለመጫወት ብለህ ከነካህ በእሱው መሄድ አለብህ። «ተሳስቻለሁ፣ ልመልሰው» አይሠራም። ለጠንካራውም ለደካማውም አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ይለካል። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዓቶች በአንድ ላይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ ሄዶ ሲያበቃ የሰዓቱን ቁልፍ ይጫናል፤ የራሱ ይቆማል፣ የባላጋራው ይቆጥራል። ጊዜው ያለቀበት ብዙውን ጊዜ ተረታ ይባላል።

አራተኛ፣ እርምጃው ሁሉ ይጻፋል። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱንም የባላጋራውንም አካሄድ በወረቀት ላይ ይመዘግባል። ክርክር ቢነሣ ወረቀቱ ይታያል።

ይህ አራተኛው ደንብ ፊደል ለቆጠረ ሰው ትልቅ ነገር አለው። ዐፄ ልብነ ድንግልና ቬኒሳዊው ሠዓሊ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደተጫወቱ ዛሬ መልሰን ልናየው አንችልም። የተማሪው ልጅ ጨዋታ ግን አልጠፋም። ልጁ እርምጃውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፎት ነበር፤ እኔም ገልብጬ ወሰድኩት።

ልጁ እንዴት ተረታ?

ጨዋታን ለመጻፍ ለያንዳንዱ ቤት አድራሻ ይሰጠዋል። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ በፊደል ይጠራሉ። በውጭ አገር የላቲን ፊደል ነው፤ ልጁ ግን በእኛው ፊደል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብሎ ነበር የጻፈው። ረድፎቹ ከነጩ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ሠ4» ማለት በሠ ዓምድ አራተኛው ቤት ነው።

ነጩን የያዘው ልጁ ነው። ጥቁሩን የያዙት ሰውዬው ናቸው።

1. ነጭ፦ ወታደር ሠ4። ጥቁር፦ ወታደር ሠ5።
2. ነጭ፦ ንግሥት ሸ5። ጥቁር፦ ፈረስ ሐ6።
3. ነጭ፦ ፊል ሐ4። ጥቁር፦ ወታደር ሰ6።
4. ነጭ፦ ንግሥት ረ3። ጥቁር፦ ፈረስ ረ6።
5. ነጭ፦ ፈረስ ሐ3። ጥቁር፦ ፈረስ መ4።
6. ነጭ፦ ንግሥት ሰ3። ጥቁር፦ ፈረስ ሐ2ን በላ፤ ቼክ!
7. ነጭ፦ ንጉሥ መ1። ጥቁር፦ ፈረስ ሀ1ን በላ።

ምን እንደሆነ እንየው። ልጁ አንድ ብልሃት ያውቃል። ንግሥቲቱንና ፊሉን ቶሎ አውጥቶ በጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ያለውን ረ7 የተባለ ቤት በሁለት ወገን ያጠቃል። ጀማሪ ካጋጠመው በአራት እርምጃ ይረታዋል። ሰውዬው ግን ጀማሪ አይደሉም። በሁለተኛው እርምጃ ወታደራቸውን ሊበላ ሲል በፈረስ ጠበቁት። በሦስተኛው ላይ ሜት ሊያደርጋቸው ሲል በወታደር መንገዱን ዘጉበት፤ ያው ወታደር ንግሥቲቱን አባረራት። በአራተኛው እንደገና ሲሞክር በፈረስ ከለሉት።

ሰውዬው አልቸኮሉም። ልጁ ንግሥቲቱን ሁለት ጊዜ ሲያመላልስ እሳቸው ሁለት ፈረሶች አወጡ። ልክ እንደ እርሻ ነው። አንዱ እያሳደደ ሲውል ሌላው አርሶ ዘራ።

በአምስተኛው ላይ ፈረሳቸው መ4 ላይ ወጣና ንግሥቲቱን አስፈራራት። ይኸው ፈረስ ሐ2 ያለውን ወታደርም እያየ ነው። ልጁ በዚህ ጊዜ ንግሥቲቱን ወደ መ1 ቢመልሳት ኖሮ ሐ2ን ትጠብቅለት ነበር። ነገር ግን ወደ ኋላ መመለስ አሳፈረው። ሠ5 ላይ ያለው ወታደርም አጓጓው። ስለዚህ ሰ3 ላይ አደረጋት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉ የለ? ፈረሱ ሐ2ን በልቶ ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ጊዜ ያዘ። ንጉሥ ሲነካ ማዳን ግዴታ ነው። ንጉሡ ሸሸ፤ ግንቡ ተበላ። ነጩ ያንን ፈረስ ኋላ ማዕዘኑ ላይ ቢይዘው እንኳ ወታደሩንና ግንቡን፣ በጠቅላላው 6 ሰጥቶ 3 ነው የሚቀበለው።

ከዚህ በኋላ ሰውዬው የሠሩት ቀላል ነው። ባገኙት አጋጣሚ ጭፍራ በጭፍራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱም እኩል ሲያጡ ትርፍ ያለው ወገን ትርፉ እየጎላ ይሄዳል። ሁለት ሰዎች አንዱ 10 ቁና፣ ሌላው 8 ቁና እህል ቢኖራቸው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሁለቱም 7 ቁና ሲበሉ ግን አንዱ 3፣ ሌላው 1 ይቀራቸዋል። ይህን ጊዜ አንዱ ያለው የሌላው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሰውዬው የረቱት በዚህ ዓይነት ነው።

ደካማውና ጠንካራው በውድድር ለምን ይገናኛሉ?

ብዙ ሰው በሚሰለፍበት ውድድር ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠም ቢባል ቀኑ አይበቃም። ስለዚህ የስዊስ ዘዴ የሚባል አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ስዊዘርላንድ ውስጥ ዙሪክ ላይ ተጀመረ። ተጫዋቾቹ በችሎታ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ሰልፉ ለሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ዙር የላይኛው ግማሽ አንደኛ ከታችኛው ግማሽ አንደኛ ጋር፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር እያለ ይገጥማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ደካማው ከጠንካራው ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ግን የተረታ አይባረርም። ለረታ 1 ነጥብ፣ ለተረታ 0፣ እኩል ለወጡ ግማሽ ግማሽ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዙር እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። የተረታው ከተረታ፣ የረታው ከረታ ጋር ማለት ነው። ስለዚህ ደካማው ከአንድ ከባድ ቀን በኋላ እኩያውን ያገኛል።

ችሎታስ በምን ይለካል? አርፓድ ኤሎ የተባሉ በሃንጋሪ የተወለዱ፣ በአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የነበሩ ሰው አንድ የስሌት ዘዴ አወጡ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1970 ዘዴውን ተቀበለው። ለምሳሌ አንዱ 1,900፣ ሌላው 1,500 ነጥብ አላቸው እንበል። ልዩነታቸው 400 ነው። 100 ጊዜ ቢጫወቱ ጠንካራው ከ90 በላይ ነጥብ ይሰበስባል ተብሎ ይጠበቃል።

ፍርዱ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ለብዙ ተጫዋቾች በሚሠራበት ስሌት ደካማው ቢረታ የሚያጣው 2 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። እኩል ቢወጣ 8 ያህል ያገኛል። ጠንካራውን ቢረታ 18 ያህል ያገኛል። ጠንካራው ደግሞ ረትቶ 2 ያህል ቢያገኝ ነው፤ ቢረታ ግን 18 ያህል ያጣል። ስለዚህ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይበልጥ መፍራት ያለበት ጠንካራው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የዓለም ዋንጫ ውድድር ነበር። ኦሉዋፌሚ ባሎገን የተባለው ናይጄሪያዊ በመጀመሪያው ዙር የገጠመው የዚያን ጊዜውን የዓለም ሻምፒዮን፣ ኖርዌያዊውን ማግነስ ካርልሰንን ነው። በመካከላቸው ከ500 ነጥብ በላይ ልዩነት ነበር። ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፤ ካርልሰን ሁለቱንም ረታ። ነገር ግን ሻምፒዮኑ ከናይጄሪያዊው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሰዓቱ ለሁለቱም እኩል ቆጠረ። ጨዋታዎቹም ተጽፈዋል። ከዚህ ማንም ሰው ሊማር ይችላል።

መልሱ

ወደ ደሴው በረንዳ እንመለስ። ልጁ ሲረታ ንጉሡን በጣቱ አስተኛና የሰውዬውን እጅ ጨበጠ። ፊቱ ትንሽ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አወጣና፣

«የት ላይ ነው የሳትኩት?» አላቸው።

ሰውዬው አልሳቁበትም። ጭፍሮቹን እንደገና ደረደሩለት። ጋሼም ከወንበራቸው ተነሥተው ተጠጉ። ወረቀቱን ተቀበሉና በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ፈረስ... ሐ... 2ን... በላ። ይቺ ናት?»

«አዎ ጋሼ፣ እሷ ናት» አለ ልጁ። «ንግሥቲቱን መመለስ ነበረብኝ። መመለስ አሳፈረኝ።»

«አብሽር። የምታሳፍር ብትሆን ኖሮ ትጽፋት ነበር?» አሉት።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መኪናው ውስጥ ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ያ ልጅ ዛሬ ቢለቁለት ኖሮ ይደሰት ነበር። ነገ ግን ያንኑ ስሕተት ይደግም ነበር። እኔም ማንበብ ስጀምር መምህሬ ስሳሳት ዝም ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያቺን ወረቀት አላነብም።»

የጥያቄያቸውን መልስ ራሳቸው ሰጡት። ጠንካራ ደካማን በእውነት ቢረታው ግፍ አይደለም። ግፍ የሚሆነው ደንቡ ለአንዱ ብቻ ሲያደላ፣ ወይም ደካማው የተረታበትን ምክንያት እንዳያውቅ ሲደረግ ነው። ደንቡ አንድ ከሆነ፣ እርምጃው ከተጻፈ፣ ጠንካራውም ቁጭ ብሎ ካስረዳ፣ የተረታውም ትምህርት ይዞ ይሄዳል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በአገራችን ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባለው ምንድን ነው?
2. የራስ ወልደ ሥላሴ ሰዎች ጨዋታውን ለራስ ይለቁላቸው የነበረው ለምን ይመስላችኋል?
3. ልጁ በስድስተኛው እርምጃ ምን ማድረግ ነበረበት? ለምን?
4. በመሬት ላይ 8 በ8 ቤቶች ሥሩ። ዓምዶቹን ከሀ እስከ ሸ፣ ረድፎቹን ከ1 እስከ 8 ጥሯቸው። የልጁን ጨዋታ በጠጠር እየተከተላችሁ አንብቡ።
5. እናንተስ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር ተወዳድራችሁ የተማራችሁት ነገር አለ? በአምስት መስመር ጻፉት።